ከግድግዳው ማዶ ያለው ሳል

አንድ ሰው ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የዛገ የመኪና ዕቃ የሚያድስ ባለ ጋራዥ። ቸርኬ ያመጡለታል፣ የፓምፕ ቀፎ ያመጡለታል፤ እሱም በሽቦ ብሩሽ እየፈተገ ዝገቱን ሲያራግፍ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከሰላምታ በፊት እጁን ነው የምታየው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ። የሰው ነገር አይነካም። ከጉባኤ አይቀርም። በሰፈሩ የታመመ ሲኖር ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። የክፉ ሰው ታሪክ ብነግራችሁ እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን ሰው እያሰባችሁ ነበር የምትሰሙኝ። ስለዚህ የደህና ሰው ታሪክ ልንገራችሁ።

ይህ ሰው አንድ ቀን ሳጥን ገዛ። ባለሙያዎቹ ሳንድብላስት ይሉታል። በአራት እግር የቆመ የብረት ሳጥን ነው፤ ፊቱ ላይ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ በታች ሁለት ቀዳዳ፤ ከቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ የተንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም የጎማ ጓንቶች። የዛገውን ዕቃ ውስጡ ታስቀምጣለህ፣ በሩን ትዘጋለህ፣ እጅህን በጓንቶቹ ትሰድና በመስታወቱ እያየህ ትሠራለህ። ከታች ያለውን ፔዳል ስትረግጥ ከኮምፕሬሰር የሚመጣው አየር ደቃቅ ጠጠር ይዞ ብረቱን ይገርፈዋል። ሰው ሲፈትገው የሚውለው ዝገት እዚያው እያየኸው ይረግፋል።

ሳጥኑ የመጣው ተፈታቶ ነው። ከሥራ ባልደረባው ከበያጁ ከሙሄ ጋር ሊገጥሙት ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ይኼ ነገር እጁ ሆዱ ውስጥ ነው» አለ ሙሄ ጓንቶቹን አየት አድርጎ። «ገጥሞት የነበረው ሰውዬ ውስጡ ቀርቶ እንዳይሆን።»

«ያዝ ባክህ፣ እግሩን ያዝ።»

ተጠንቅቀው ገጠሙት። እግሮቹ እንዳይወላገዱ አስተካከሉ። የበሩን ዙሪያ የጎማ ጥብጣብ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ አስገቡ። ጓንቶቹን በቀለበታቸው አጥብቀው አሰሩ። በመጨረሻም ሳጥኑ ውስጥ አምፖል አብርተው፣ የጋራዡን መዝጊያ ዘግተው፣ በጨለማው ብርሃን የሚያፈስ ስንጥቅ እንዳለ ዞረው ፈለጉ። ብርሃን ካፈሰሰ አቧራም ያፈሳላ! አንድም አላገኙም። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ነበር።

አንድ ካርቶን ቀረ።

«ይኼስ?» አለ ሙሄ።

«አቧራ መሳቢያው ነው። ከኋላ ይገጠማል፤ አቧራውን በከረጢት ይይዛል።»

«ታዲያ እንግጠመዋ።»

ሰውዬው ዕቃውን ከካርቶኑ አወጣና አየው። ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በፕላስቲክ እንደ ተጠቀለለ ነው። መልሶ አስገባው።

«ይቆይ» አለ።

«ለምን?»

«ይቆሽሻል።»

«ጋሼ፣ የዚህ ሥራው እኮ መቆሸሽ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አዲስ ነው፤ ይቆይ።»

አትሳቁ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከነፕላስቲኩ የያዘ ማን ነው? ሶፋው ላይ ላስቲክ አንጥፎ እንግዳውን በላብ የሚያጠምቅ ማን ነው? ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ቆሻሻ እንዲበላ የተሠራው ዕቃ ቆሻሻ እንዳይነካው ከፍ ብሎ ተቀመጠ።

እሺ፣ አቧራውስ? አቧራው መውጫ ይፈልጋል። ሰውዬው ቱቦ አመጣ፤ አንዱን ጫፍ ከሳጥኑ ኋላ ገጠመ፤ የጋራዡን የጀርባ ግድግዳ ቀዳና ሌላውን ጫፍ ወደ ማዶ አሾለከው።

«ማዶው የማን ነው?» አለ ሙሄ።

«የጋሽ አበጋዝ ጓሮ ነው። ምን አለው፣ ጓሮ ነው።»

በጠጠሩ ፈንታ የሚገባውን አሸዋም ከቦርከና ወንዝ አስመጥቶ ነፋው። እዚህም ላይ ሙሄ አላስችል አለው። «ሻጩ እኮ የወንዝ አሸዋ እንዳትከቱ ብሎናል። ሲመታ ከዱቄት ይልማል፣ ሳንባ ከገባ አይወጣም ነው ያለን።»

«ሳጥኑ ዝግ አይደል እንዴ?» አለ ሰውዬው። «እኛን ምን ያደርገናል?»

እኛን! ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ።

ሥራ ተጀመረ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ብናኝ የለም። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው። ቸርኬው ነጥቶ ይወጣል። ሰውዬው ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰና «ጌታ ይመስገን» አለ። ከልቡ ነው ያለው። ዝገቱ የት ሄደ ብሎ ግን አልጠየቀም። ዝገት ከብረት ሲለቅ ይጠፋል እንዴ፣ ወገኖቼ? ከዓይናችን ሲርቅ ጠፋ ማለት ነው?

ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጋሽ አበጋዝ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ በከባድ መኪና የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ተቀምጠው መንገደኛ ሰላም ማለት ይወዳሉ። ክረምቱ ከወጣ በኋላ መሳል ጀመሩ። ሳሉ በግድግዳው አልፎ ጋራዥ ድረስ ይሰማል።

«ያ የአሰብ አቧራ ነው» ይላል ሰውዬው። «ያኔ የዋጡት ነው ዛሬ የሚያስላቸው።»

ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ብርቱካን ገዝቶ ጠየቃቸው። ሳሎን ተቀምጦ፣ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ ጸለየላቸው። አሜን ብሎ ወጣ፤ ዞሮ ጋራዡ ገባ፤ ኮምፕሬሰሩን አስነሣ።

በሌላም ሳምንት ሄደ። ጸለየ። ተመለሰ። ኮምፕሬሰሩን አስነሣ።

ሳሉ ባሰ። ልጆቻቸው ደሴ ወስደው አስመረመሯቸው። ሐኪሙ «ሳንባቸው ተጎድቷል፤ ከአቧራ ይራቁ፤ እንዲህ ከቀጠለ ለከርሞ አይደርሱም» አለ። ልጆቹ ደነገጡ። የመንገድ ዳር አቧራ እንዳይነካቸው ብለው የአባታቸውን ወንበር ከደጅ አነሱና ጓሮ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መርጠው አኖሩት። ያን ያደረጉት እሁድ ነው። እሁድ ጋራዡ ዝግ ነው፤ ጓሮው ጭር ያለ ንጹሕ ቦታ ነበር።

ልጆቹ ወደየሥራቸው ተመለሱ። ሰኞ ኮምፕሬሰሩ ተነሣ።

የሐኪሙ ቃል ለሰውዬው ሲደርሰው አዘነ፤ በእውነት አዘነ። ጋራዡን ለሙሄ ትቶ፣ ብርቱካኑን ይዞ ሄደ። ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች በሩን ከፈቱ።

«ጓሮ ናቸው፤ ግባ፣ እለፍ» አሉት።

ያን ሁሉ ጊዜ ሲጠይቃቸው ከሳሎን አልፎ አያውቅም። በጓዳው በር አልፎ ብቅ ሲል ጋሽ አበጋዝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከወንበሩ አጠገብ ያለችው የሎሚ ዛፍ ቅጠሏ አመድ መስሏል። ከራሳቸው በላይ፣ ከግድግዳው የወጣ የቱቦ ጫፍ አለ። ሰውዬው ቱቦውን አወቀው። እንዴት አያውቀው? በገዛ እጁ የጠቀለለበት ቀይ ፕላስተር ነው ያለው።

ከግድግዳው ወዲያ ሙሄ ፔዳሉን ረገጠ። ቱቦው ተነፈሰ።

ጋሽ አበጋዝ አልደነገጡም። የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እስኪያልፍ ጠበቁ። የለመደ ሰው አጠባበቅ ነው። ከዚያ ሳሉ። ሰውዬው ያን ሳል በግድግዳ ሲሰማው ኖሯል፤ ፊት ለፊት ሲሰማው ግን ሌላ ነው። ሽማግሌው ትንፋሽ ፍለጋ ጣታቸው ወንበሩን ይቧጥጣል።

«ጋሽ አበጋዝ» አለ። «ይኼ... ይኼ አቧራ...»

«እሱማ ካንተ ዘንድ ነው።»

«ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ፣ ልጄ? ቱቦው እኮ አናቴ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ሥራ ይዘሃል። ጎረቤቱን ሥራህን ተው የሚል ሰው ምን ይባላል? ለልጆቹም እንዳትነግሪ ብዬ አሰገደችን አስምዬአታለሁ፤ ይጣሉሃል ብዬ።» ትንሽ አረፉና ወደ ብርቱካኑ አዩ። «ደግሞ የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ይህን ይዘህ ስትመጣ፣ ይቅርታ መጠየቁ ነው፣ አፉ አልደፍር ብሎት ነው እል ነበር።»

ሰውዬው ቃል ሲያጣ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ተንበረከከ፤ እጁን ትከሻቸው ላይ ጣለና «እንጸልይ» አለ። አፉ ግን አልከፈት አለ።

ጋሽ አበጋዝ እጁን መታ መታ አደረጉት።

«ዛሬስ ጸሎቱን አቆየውና ቱቦውን ንቀልልኝ» አሉ።

ሰውዬው በሩጫ ዞረ። ጋራዡ ሲገባ ሙሄ ሁለት እጁ ሳጥኑ ውስጥ ነው። «አቁም!» ብሎ ጮኸ። አየሩን ዘጉ፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን አስተነፈሱ፤ ከዚያ ቱቦውን ነቀሉት። የወንዙን አሸዋ እንዳይቦን ውሃ አርከፍክፈው፣ አፋቸውን ሸፍነው አወጡት፤ በምትኩ ሻጩ ያዘዘውን ጠጠር ገዙ። አቧራ መሳቢያው ከመደርደሪያ ወርዶ ፕላስቲኩ ተቀደደ፤ ተገጠመም። የግድግዳው ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፈነ። ሙሄ ባዶውን ካርቶን አጣጥፎ ጣለው።

ጋሽ አበጋዝ ከርሞን አዩ። ነገር ግን ከአልጋቸው እስከ ደጅ ለመድረስ ግድግዳ ይዘው እያረፉ ነው። የገባው አልወጣም። ሰውዬው ዛሬም እየሄደ ይጠይቃቸዋል፤ በልተው እስኪጨርሱ፣ ተደግፈው እስኪተኙ አብሯቸው ይቀመጣል። ይቅር ብለውታል። ሳንባቸው ግን ይቅርታ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ማንን ጠላ? ማንንም። ማንን ሊጎዳ አሰበ? ማንንም። ጥፋቱ አንድ ነው፤ ቆሻሻዬ ከቤቴ ወጣ ሲል የት ገባ ብሎ አልጠየቀም። የእሱ ውጭ የሌላው ሰው መቀመጫ ነበር።

እናንተ ግን ንጹሐን ናችሁ። አያችኋለሁ እኮ፣ አምሮባችኋል። መሥሪያ ቤት አለቃ ሲያዋርድህ ታግሠህ ዝም አልህ፤ ደግ አደረግህ። ያን የዋጥኸውን ግን ማታ ማን ላይ ተነፈስኸው? አንቺስ፣ «እኔ እውነቱን ፊት ለፊት ነው የምናገረው፣ ሆዴ ውስጥ ነገር አይቀመጥም» የምትዪው፤ ካንቺ ሆድ የወጣው ማን ሆድ ውስጥ ተቀመጠ? ልጅህን ሰው ፊት ሰድበህ «አረምሁት» ትላለህ። ይረም፤ መታረም አለበት። ግን በሩን ዘግተህ ነበር?

ደግሞ እናንተ ከቱቦው ሥር የተቀመጣችሁ። በይሉኝታ ጋቢያችሁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ የምትጠብቁ። ጎረቤታችሁን የወደዳችሁት መስሏችሁ ይሆናል። ነገር ግን አንዲት ቃል ነፍጋችሁታል፤ ያች ቃል እናንተንም እሱንም ታድን ነበር። ዛሬ ንገሩት።

አሁን ለመዝጊያ ጸሎት ተነሡ የምላችሁ ሰዓት ነው። አትነሡ። እዚያው እንደ ተቀመጣችሁ አንድ ሰው አስቡ፤ ሳሉን እየሰማችሁ «ከድሮው ነው፣ ተፈጥሮው ነው» ያላችሁለትን ሰው። ስሙ መጣላችሁ?

በሩ ክፍት ነው። ወደ እሱ ሂዱ። እኛ ጸሎቱን አቆይተን እንጠብቃችኋለን።