የጸደይ መንደር ፍሳሽ

በአንድ ወቅት፣ የከተማው አስፋልት አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ዳገት ላይ፣ ጸደይ መንደር የሚባል የመኖሪያ ሰፈር ነበር። የሠራው ባህሩ የሚባል ባለሀብት ነው። ቤቶቹን ሸጠና ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ። የየቤቱ ፍሳሽ ዳገቱ ግርጌ ወዳለ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ከዚያ በፓምፕ ተገፍቶ ከከተማው ዋና መስመር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ፓምፑ ተተክሎ ተቆልፎበታል፤ ወደ ዋናው መስመር የሚወስደው ቧንቧ ግን አልተዘረጋም።

ጉድጓዱ ሲሞላ ነዋሪዎቹ ባህሩን ጠየቁት። "እኔ የሸጥኩት ቤት ነው፤ ሌላው የመንግሥት ጉዳይ ነው" አላቸው። ፍሳሽ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። "መስመሩ የግል ነው፤ ሳያልቅ አንረከብም" ተባሉ። ግብር ሲሰበሰብ ግን የግል ናችሁ ያላቸው አልነበረም።

ከሁሉ በታች ያለው ቤት የወይዘሮ ይርገዱ ነበር። ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልብስ እየሰፉ ሁለት ሴት ልጆች ያሳድጋሉ። የሰፈሩ ቆሻሻ በእሳቸው መታጠቢያ ቤት ይገነፍል ጀመር። ትንሿ ልጃቸው ታማ ሆስፒታል ገባች። ጎረቤቶቻቸው አዘኑላቸው፤ ውሃ መልቀቁን ግን አልተዉም። አንድ ጠዋት ወይዘሮ ይርገዱ ሲሚንቶ አቡክተው ከላይ የሚመጣውን መስመር ደፈኑት።

"እንግዲህ እኩል እንካፈለው" አሉ።

ፍሳሹ ወደ ላይ ተመልሶ በየቤቱ ገነፈለ። አልጋ ላይ የዋሉ አንድ ሽማግሌ የተኙበት ክፍል ሳይቀር ገባ።

ሰፈሩ ወይዘሮ ይርገዱን ሊመታ ሲነሳ እዚያው ተከራይቶ የሚኖረው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ደምሰው በራቸው ላይ ቆመ። "የምትፈልጉት ሰው ባህሩ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ የለም" አላቸው። ከዚያ የፓምፑን ቤት ቁልፍ በመዶሻ ሰበረ፣ የደነደነውን ሲሚንቶ አስፈነቀለ፣ ፓምፑን አስነሳ። የሚገፋበት መስመር ስለሌለ ፍሳሹን በጎማ ቱቦ አቅራቢያው ወዳለ ወንዝ ለቀቀው። ሰፈሩ ተነፈሰ። ከታች በወንዙ ውሃ ጎመን የሚያለሙት ገበሬዎች ግን ማሳቸው ተበላሸ። ስልክ አላነሳ ብሎ የከረመው ባህሩ "ንብረቴ ተሰበረ" ብሎ በማግስቱ ከፖሊስ ጋር መጣ። መምህሩ ታሰረ፤ ከሥራውም ተባረረ። ባህሩን የጠየቀው የለም።

የፍሳሽ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኢንጂነር ቃልኪዳን ትባላለች። "አንረከብም" ያለችው እሷው ነበረች። ገበሬዎቹ የበሰበሰ ጎመን ተሸክመው ቢሮዋ በር ላይ ሲያራግፉት ተነስታ መንደሩ ድረስ ሄደች። የወይዘሮ ይርገዱን ወለል አይታ ተመለሰችና መስመሩን እንረከበው አለች። አለቆቿ "ሕጉ አይፈቅድልሽም" አሏት።

"እዚያ ቤት ገብታችሁ ንገሯቸው" አለች።

ለሌላ ሰፈር የተመደበውን ቧንቧና መቆፈሪያ ማሽን አስመጥታ መስመሩን ከዋናው ጋር አገናኘች፤ ከእንግዲህ የሕዝብ ነው ብላም ተረከበች። ቧንቧውን ሲጠብቅ የነበረው ሰፈር ክረምቱን በቆሻሻ መሃል አሳለፈ። እሷም ከሥራ ተሰናብታ የምትኖርበትን የመንግሥት ቤት ለቀቀች።

ይህን የሰማው ባህሩ ሳትሸጥ የቀረችውን አንዲት ቤት "ፍሳሽዋ የተሟላ" ብሎ ለገበያ አወጣት። ነዋሪዎቹ ከሰሱት። ዳኛው ቤቷን ነጥቀው "ሰፈሩን ከፍሳሽ ላወጣው ሰው ትሰጥ፤ ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ" ሲሉ ፈረዱ።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ይርገዱ ቤታቸው ከመሠረቱ ረጥቦ የማይኖርበት ሆኗል። "እኔ ባልደፍነው ማን ይነቃ ነበር?" አሉ። ከእስር የወጣው ደምሰው ዘመድ ቤት ተጠግቷል። "እኔ ባልሰብረው እርስ በርስ ትጫረሱ አልነበረም?" አለ። ቃልኪዳን "እኔ ባላገናኘው ዛሬም ወደ ገበሬው ማሳ ይፈስ ነበር" አለች። ገበሬዎቹም መጥተው ከኋላ ቆመዋል፤ ሐሳባቸውን የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ቤቷም ባዶዋን ናት። እናንተ ከዚያ ስብሰባ ብትቀመጡ ኖሮ ለማን ትሰጧት ነበር?