ከሰማይ የታየው ማሳ

በስንፍናው አገር የሚያውቀው አንድ ገበሬ ነበር። ከአጨዳ በኋላ የወረዳው ግብርና ኃላፊ መጣና ከመኪናው ሳይወርድ፣ በመስኮት ታብሌቱን እያሳየ ጮኸበት።

«ሳተላይት አይዋሽም! በመስከረሙ ካርታ ከቀበሌው ሁሉ አረንጓዴው ያንተ ማሳ ነው። ሃያ ኩንታል ጤፍ ይወጣዋል፤ አንተ ያስመዘገብከው ሦስት ነው። የቀረውን የት ደበቅኸው? አሁኑኑ ካላወጣህ ትታሰራለህ!»

ገበሬው ራሱን አከከ።

«ጌታዬ፣ አረንጓዴው አረም ነው። አምናም አላረምኩም፣ ዘንድሮም አላረምኩም። ግን በሳተላይቱ አይፍረዱበት፤ እኔ ከሩቅ ስታይ ጎበዝ እመስላለሁ። ባለቤቴም ከወንዝ ማዶ አይታኝ ነው ያገባችኝ። ስህተቷን ያወቀችው ቀርባ ስታየኝ ነው፤ እስኪ እርስዎም ከመኪናው ይውረዱ።»