ለጋዋን ፎቶ የተመታው ሚስማር

ወገኖቼ፣ ወደ ቃሉ ከመግባታችን በፊት ለመላው ጉባኤ በይፋ የሚገለጽ ብርቱ ጉዳይ አለ። በአንድ ሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ ሦስት ዓመት የኖረ ሚስማር ባለፈው ሳምንት ተነቅሏል።

ትስቃላችሁ። ቆዩ።

ከሰውየው ሶፋ በላይ የልጁ የኢዮስያስ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከነጋዋኑ፣ ከነቆቡ። ከጎኑ ባዶ ሚስማር። ለማን? ለታናሺቱ፣ ለፍሬሕይወት።

ፍሬሕይወት ግን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለጥቂት አመለጣት፤ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታ ብየዳ ያዘች። አባት ለጎረቤት “ራቅ ያለ ቦታ ትማራለች” ይል ነበር። ራቅ ያለው ቦታ ከቤቱ ሁለት ፌርማታ ነው።

ሁለተኛ ዓመቷ ላይ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ እየሠራች እንድትማር ወላጅ የሚፈርምበት ውል መጣ። እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አባት አልፈርምም አለ። እንዲያውም ዓርብ ጠዋት ከኮሌጁ ሊያስወጣት ሄደ።

ወርክሾፑ ውስጥ ፍሬሕይወት አንዱን ጀማሪ ትገሥጻለች። “ጋሼ፣ እጅህን አታንቀጥቅጠው።”

ጀማሪው መከላከያውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ። ኢዮስያስ! በየማለዳው ቢሮ እሄዳለሁ ብሎ የሚወጣው ባለ ዲግሪው! ክራባቱ ከቱታው ኪስ ተንጠልጥሏል።

“እዚህ ከመጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ፣ አባባ። በዲግሪው ሥራ አጣሁ። ብነግርህ ፎቶዬን ታወርደዋለህ ብዬ ፈራሁ።”

ሰውየው ምን አደረገ? ጮኸ? ረገመ? አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ እፎይ አለ። ደመወዝ የማያመጣው ቢሮ ስድስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶት ኖሯል።

“እኔ እኮ ደመወዝህን ቁማር የሚበላው መስሎኝ ነበር” አለ።

አሠልጣኙ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ ልጅቷ ደረጃ አምስትን ጨርሳ ምዘናውን ካለፈች የዲግሪውም በር ክፍት መሆኑን ነገረው። ሰውየው ብዕር ተቀብሎ ውሉን ፈረመ።

እናንተስ? ሚስማር ቀድማችሁ የመታችሁ፣ ለሚስማሩ የሚሆን ልጅ ኋላ የምትፈልጉ! ስንቱ ልጅ ክራባቱን ኪሱ ከትቶ ይዋሻችኋል? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጠይቁት። ሳትቆጡ ጠይቁት። እውነቱ ከፈራችሁት ይቀልል ይሆናል።

ያ ሰው ቤቱ ሲገባ የኢዮስያስን ፎቶ አልነካም። ጉጠት አንሥቶ ባዶውን ሚስማር ነቀለ። የዲግሪውን ወሬ የሰማች ሚስቱ ግራ ገባት።

“በሩ ክፍት ነው እየተባለ ለምን ትነቅለዋለህ?”

“ነቀልኩት።”

“እኮ፣ ለምን?”

“ነቀልኩት አልኩሽ። በቃ።”