ሊቁ ያሞገሰው ደመና

አንድ የሰማይ ሊቅ ነበር፤ የሚኖረውም በምድር ሰሜን ጫፍ፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ ጭራሽ በማትወጣበት አገር ነው። በዚያ አገር ብርዱ ሲጠና፣ እንደ ሳሙና አረፋ ሮዝና አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ደመና ሰማይ ላይ ይታያል።

ንጉሡ ሊቁን ጠርቶ፣ «ይህ ደመና ከምን ተሠራ?» አለው።

ሊቁ አያውቅም። አላውቅም ማለት ግን ሞት መሰለው። «ንጉሥ ሆይ፣ ለዘመንዎ የተላከ በረከት ነው» ብሎ አረፈው! ንጉሡም ደስ ብሎት ካባ ደረበለት። ፀሐይ በምትመለስበት ሰሞን ሕዝቡ ፊቱን ገልጦ በረዶው ላይ እየተቀመጠ በረከቱን እንዲቀበል አዋጅ አስነገረ።

ሊቁ ግን ነገሩ ከነከነው። መለኪያ ያንጠለጠለ ፊኛ ወደ ሰማይ እየላከ ሲመረምር እውነቱን ደረሰበት። ከተራው ደመና እጅግ ከፍ ብሎ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ውሃና ናይትሪክ አሲድ አንድ ላይ ይረጋሉ፤ ከዚያም ሲብስ ውሃው ብቻውን በረዶ ይሆናል። ያ ውብ ደመና ይኸው ነው። በቅንጣቶቹ ላይ ደግሞ በአየሩ ውስጥ ያለው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይነቃል፤ ፀሐይ ስትመለስም ከሚያቃጥል ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን ይበላል። ሕዝቡ ፊቱን የሚገልጠው ልክ ጋሻው በሳሳበት ሰሞን ነው ማለት ነው። ሊቁ ይህን ዐወቀ፤ ክብሩን ላለማጣት ግን ዝም አለ።

ይህን ባወቀ በአራት ዓመቱ አንዲት መረብ ሠሪ በሰው ተመርታ ደጁ መጣች። ፊቷ ተልጧል፤ ዓይኖቿ አብጠዋል።

«የኔታ፣ ዘንድሮ ከሁሉ ቀድሜ ነው የተቀመጥኩት። ዓይኔ ግን መረቡን አላይ አለኝ። ምን አጥፍቼ ነው በረከቱን የተከለከልኩት?»

ሊቁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ንጉሡ ፊት ቀርቦ ሁሉንም ተናዘዘ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅኸው?» አለ ንጉሡ።

«አራት ዓመት ሆነኝ።»

ንጉሡ ራሱም አፍሮ አንገቱን ደፋ። አዋጁን ሻረና፣ «በል፣ ይህንኑ ለእሷ ንገራት» አለው።

ሄዶ ነገራት። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ አልረገመችውም። «ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ስንቀመጥ ያዩን ነበር?» ብቻ አለችው።

«አዎ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ወዳጆቼ፣ አላውቅም ማለት ለአንድ አፍታ ፊትን ያቀላ ይሆናል። እያወቁ ዝም ማለት ግን ዕዳው በሌላ ሰው ገላ ላይ ነው የሚያርፈው። እስቲ እንጠይቅ፤ እኛ እያወቅን ዝም ባልነው ነገር ዛሬ ማን እየተቃጠለ ይሆን?