የሦስት መቶ ቤት አድራሻ

አንዲት ምላሰኛ ሬዲዮ ጠጋኝ የእድሯን መዝገብ ቤቷ ባቆመችው ኮምፒውተር ላይ ጫነች። አባላቱ ግን ከየቤታቸው ሊከፍቱት አልቻሉም፤ የራሷ የኢንተርኔት አድራሻ አልነበራትማ። አድራሻ ልትጠይቅ ስትሄድ የኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አቶ ድንበሩ፣ "አንዱን አድራሻ ሦስት መቶ ቤት ይጋራዋል፤ አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?" እያሉ ዓመት አመላለሷት።

አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው አስጠሯት። "ቤትሽ ከሚጠቀምበት የኢንተርኔት አድራሻ የስድብ ደብዳቤ ደርሶኛል። አድራሻው ያንቺ ነው፤ 'የጻፍኩት እኔ ነኝ' ብለሽ ፈርሚ!"

ሴትዮዋ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ምን ያስቦርቅሻል?"

"ጌታዬ፣ ዓመት ሙሉ የለመንኩዎት ይህንኑ አይደል? 'አድራሻው የእሷ ብቻ ነው' ብለው ማኅተም ይምቱበት፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ። የለም፣ የሦስት መቶ ቤት ነው ካሉም ሁሉንም ያስጠሩ፤ ድንኳኑን ከእድራችን አመጣለሁ።"