የእማማ ዘርትሁን ነጠላ

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ እማማ ዘርትሁን የሚባሉ ጥልፍ ጠላፊ ከልጃቸው ሚስት ከትርንጎ ጋር ይኖሩ ነበር። ሰባ አራት ዓመታቸው ቢሆንም መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡት ራሳቸው ነበሩ። ከዓይናቸው ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም ራሳቸውን በቀኝ በኩል ያማቸው ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላቸው። እኛ ሰፈር ፀሐይ ባትወጣም ራሱን ያመመውን ሁሉ ምች ነው የሚመታው።

የሰፈሩ ሹሩባ ሠሪ ማንጠግቦሽ ሃያ ዓመት ስትሠራቸው አንድም ቀን «አመመኝ» ብለው አያውቁም። ያን ቀን ግን ማበጠሪያው ያመማቸውን ጎን ሲነካ እንባቸው መጣ።

«ምች ሆኖ ጸጉር አላስነካ ሲል አላየሁም» አለች ማንጠግቦሽ። «ጤና ጣቢያ ካልሄዱ የቀረውን አልሠራም።»

እማማ ግማሽ ራሳቸው ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ተቆጥተው ቤታቸው ገቡ። ማንጠግቦሽም ተከትላ ሄዳ ለትርንጎ ነገረቻት።

ትርንጎ አኩርፋ ነበር። እማማ አንድ ጎርሰው ሁለተኛውን ጉርሻ መመለስ ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ እሷም እጄን ተጠየፉት ብላለች። አሁን ግን ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ ጉርሻውን ለምን እንደሚመልሱ ጠየቀቻቸው።

«ስጀምር ደህና ነኝ ልጄ። ትንሽ ሳኝክ መንጋጋዬን ያመኛል፣ ይዝላል» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ቀኝ ዓይናቸው ጨለመና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። ሰዉ «ሆሳዕና ይለፍ» ቢልም ትርንጎ ባጃጅ ጠርታ በግድ ጫነቻቸው።

ጤና ጣቢያ ያገኙት ጤና መኮንን ልሳኑ የማበጠሪያውንም የጉርሻውንም ነገር ጠይቆ ሰማ። ከራሳቸው ያመማቸውን ጎን ሲዳስስ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ጠጥሯል። «የደም ሥር መቆጣት ነው። ለዓይን የሚሄደውን ደም ከዘጋ የጠፋው አይመለስም» አለ።

የሚያረጋግጠው ምርመራ፣ ከደም ሥሩ ተቆንጥሮ የሚታየው፣ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ትልቁ ከተማ ነው። ባልደረባው «ሳይረጋገጥ ቁጣውን ያበርዳል ብለህ ይህን ያህል ፕሬድኒሶሎን ሰጥተህ አንድ ነገር ቢሆኑ ትጠየቃለህ» አለው።

«ምርመራው ነገም ይደርሳል፤ ዓይናቸውን ግን እስከ ነገ ማቆየት አልችልም» አለና የመድኃኒቱን ማዘዣ ፈርሞ ኪኒኑን እዚያው አስዋጣቸው። ወደ ትልቁ ከተማ የሚልካቸውን ሪፈር የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ምርመራው ልሳኑ ያለውን አረጋገጠ። ሕመሙ በሦስት ቀን ለቀቃቸው፤ ኪኒኑም ለወራት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ሄደ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተረፉ።

ለመስቀል እማማ ከሕመማቸው ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን ነጠላ ጠልፈው ጨረሱ። «ዓይኔን ላተረፈልኝ ነው» አሉና ሦስቱንም ጠሩ።

ማንጠግቦሽ «እኔ ባልናገር ትርንጎ እንዳኮረፈች ትቀር ነበር» አለች። ትርንጎ «ነግረሽ ሄድሽ፣ ከቤት ያወጣኋቸው እኔ ነኝ» አለች። ልሳኑም «ሰው የፈራውን ፊርማ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ።

እማማ ነጠላውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ አንዴ ፈርጄ ሚስቴ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች፤ ከእንግዲህ አልደግመውም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ነጠላው የሚገባው ለማን ነው?