ያፌት ጭቃ ላይ የተቀመጠ ቀን

ጠጋ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ። ተረትና ሊጥ ሲያድሩ ይነፋሉና፣ አንዳንዱ ነገር ገዘፍ ቢልባችሁ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ሐዋሳ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ክረምቱ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ የእህቷን ሦስት ልጆች ቤቷ አምጥቶ ጥሎባታል። ዝናቡም እናንተ የምታውቁት ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ ዓሦቹ ሳይቀሩ "ኧረ ረጠብን" ብለው ያጉረመረሙበት ክረምት ነው። ልጆቹ ቤት ውስጥ ታፍነው አልጋውን ፈረስ፣ ድስቱን ከበሮ፣ አክስታቸውን መወጣጫ ዛፍ አድርገዋት ከረሙ።

በስንት ልመና አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ትርንጎ መርፌዋን ወረወረችና "ሐይቅ ወርደን እግራችንን እንነክራለን!" አለች። "ሐይቅ እንደሆነ በር የለው፣ ትኬት አይቆርጥ፤ ዓሣም ቲፕ አይጠብቅ።" ከነገ ጀምሮ የሠርግ ልብስ ስፌት ተደራርቦ ይጠብቃታል። ያላት ቀን ይቺው ናት።

የያዙት ቆሎ ከሰፈር ሳይወጡ አለቀ። ትርንጎ አንዲት ፍሬ አልደረሳትም። ግማሽ መንገድ እንደሄዱ የሁሉም ታናሽ ያፌት ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

"ተነስ እንጂ የኔ ጌታ።"

"አልነሳም። አህያዋ ላይ ካልወጣሁ ሐይቃችሁን ጠጡት።"

መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱት የእትዬ ብርቄ አህያ እዚያው ቆማለች። "ውሰጃት፣ እሷ እሺ ካለችሽ" አሉ። ትርንጎ ሳበቻት። ሶስና፣ ትልቋ ልጅ፣ ገፋቻት። ናትናኤል፣ መካከለኛው፣ ለመናት። አህያዋ ግን የበቆሎ ልጣጭ ካልቀመስኩ እግሬን አላነሳም አለች። እንግዲህ ልጣጭ ከሌለ አህያዋ አትሄድም፤ አህያዋ ካልሄደች ያፌት አይነሳም፤ ያፌት ካልተነሳ ሐይቅ የለም።

ከተራራው ጀርባ ደግሞ አንዲት ጥቁር ደመና አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻቸው።

"እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ በቆሎ ይላጡልኝ።"

"እሳት ሳይያያዝ? እሸቱ ራቁቱን ይቀመጥና ብርድ ይምታው?"

ትርንጎ ወደ ከሰሉ ጎንበስ አለች። ከሰሉም ካልተራገብኩ አልቀላም አለ። ከሰሉ ካልቀላ በቆሎ አይላጥም፤ በቆሎ ካልተላጠ አህያዋ አትሄድም፤ አህያዋ ካልሄደች ያፌት አይነሳም፤ ያፌት ካልተነሳ ሐይቅ የለም።

"ማራገቢያዎ የታለ?"

"ያቻት" አሉ እትዬ ብርቄ በአገጫቸው። ማራገቢያው ካርቶን ነው፤ ካርቶኑም ፍየል አፍ ውስጥ ነው። ትርንጎ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ፍየሏ ሌላውን። ፍየሏም ካርቶኑን እንደነከሰች፣ ዱላ ካላየሁ አልለቅም አለች። ፍየሏ ካልለቀቀች ካርቶን የለም፤ ካርቶን ከሌለ ከሰሉ አይቀላም፤ ከሰሉ ካልቀላ በቆሎ አይላጥም፤ በቆሎ ካልተላጠ አህያዋ አትሄድም፤ አህያዋ ካልሄደች ያፌት አይነሳም፤ ያፌት ካልተነሳ ሐይቅ የለም።

ደመናዋ አሁን ትከሻዋን አወጣች።

ዱላ ያለው ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ መጋዘን በር ላይ ነው፤ የዘበኛው የጋሽ ጡሚሶ ነው። ጋሽ ጡሚሶ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ቆጯቸውን በጎመን ዘርግተው ምሳ ሊጀምሩ ነው።

"ጋሽ ጡሚሶ፣ ያቺን ፍየል በዱላዎ ያስፈራሩልኝ።"

"እንብላ።"

"ይባረክ፣ ጠግቤያለሁ።"

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፣ ልጄ። ሰው አብሮኝ ሳይቀምስ ከማዕድ አልነሳም።"

ናትናኤል ሳይጠሩት ተቀምጦ ሁለት ጉንጩን ሞልቷል። ጋሽ ጡሚሶ አይተውት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ አይቆጠርም፤ ይሄ አንበጣ ነው። አንቺ ጉረሺ።"

"ኧረ በልቼ ነው የወጣሁት።" ይህን ስትል ሆዷ እንደ ባጃጅ ሞተር ተንተከተከ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባጃጅ መጣ ብሎ ዳር ያዘ።

"በሞቴ።"

"አይሙቱ፣ ጠግቤ ነው።"

"አፈር ስሆን።"

"ጠላትዎ አፈር ይሁን፤ እውነቴን ነው።"

"ጋሼ፣ ውሸቷን ነው" አለች ሶስና። "ጠዋት የኛን የዳቦ ፍርፋሪ ስትለቅም አይቻታለሁ።"

ትርንጎ እንደ በርበሬ ቀላች። በደንብ ያደገች ሴት በመጀመሪያው ጥሪ አትጎርስም፤ በሁለተኛውም አትጎርስም፤ ትርንጎ ደግሞ በሦስተኛውም እንዳትጎርስ ሆና ነው ያደገችው። እስቲ አስቡት፦ ትርንጎ ካልጎረሰች ጋሽ ጡሚሶ አይነሱም፤ ጋሽ ጡሚሶ ካልተነሱ ዱላው አይነሳም፤ ዱላው ካልተነሳ ፍየሏ አትለቅም፤ ፍየሏ ካልለቀቀች ካርቶን የለም፤ ካርቶን ከሌለ ከሰሉ አይቀላም፤ ከሰሉ ካልቀላ በቆሎ አይላጥም፤ በቆሎ ካልተላጠ አህያዋ አትሄድም፤ አህያዋ ካልሄደች ያፌት አይነሳም፤ ያፌት ካልተነሳ ሐይቅ የለም።

ደመናዋ ወገቧ ድረስ ወጣች። ትርንጎ ደመናዋን አየች፣ ጭቃ ላይ የተቀመጠውን ልጅ አየች፣ ቆጮውን አየች። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የተንጠለጠለው የገዛ አፏ ላይ ነው። ይሉኝታዋን ዋጥ አድርጋ አፏን ከፈተች።

ጋሽ ጡሚሶ የጠቀለሉት ጉርሻ ትራስ ያክላል። ጎረሰች። "አንድ ያጣላል" ብለው ደገሟት። ጎረሰች። "ሁለት ያፋቅራል፤ ሦስተኛው ለመንገድ።" እሱንም ጎረሰች።

ትርንጎ ጎረሰች፣ ጋሽ ጡሚሶ ተነሱ፤ ጋሽ ጡሚሶ ተነሱ፣ ዱላው ተነሳ፤ ዱላው ተነሳ፣ ፍየሏ ካርቶኑን ተፍታ ሁለት አጥር ዘለለች፤ ካርቶኑ አራገበ፣ ከሰሉ ቀላ፤ ከሰሉ ቀላ፣ እትዬ ብርቄ በቆሎውን ላጡ፤ በቆሎው ተላጠ፣ አህያዋ ልጣጩን አጣጥማ እግሯን አነሳች፤ ያፌት ከጭቃው ብድግ፣ ከአህያዋ ጀርባ ላይ ጉብ!

ደመናዋ በላይ፣ እነሱ በታች፣ እሽቅድምድም ሆነ። ትርንጎ ጉንጯ እንደተወጠረ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ከልጆቹ ሁሉ ፊት ትሮጣለች። አህያዋም ዳር ላይ መቆም የሚባል ነገር ረሳች፤ የእሷን ጨምሮ እግር የተባለ ሁሉ ሐይቅ ገባ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ግን ማን ልብ ብሎት? አክስትና ልጆች ከታች ወደ ላይ የሚረጩት ውሃ ከላይ ወደ ታች ከሚወርደው በለጠና፣ ደመናዋ ራሷ እስከ አጥንቷ ረጥባ፣ እያስነጠሰች ወደ ተራራዋ ተመለሰች።

ተረቴ እዚህ ትጨመቅና ትሰጣ፤ እናንተም ለደከመው አፌ አንዲት ትኩስ እሸት አትንፈጉት።